ጫኔን ያስፎከርሁበት ቀን

ቂም አልይዝም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ደግ ሰው ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ ቂም የሚያስይዝ ነገር ገና አልደረሰበት ይሆናል። እኔ ቂም ይዣለሁ፣ ቂሜንም ተወጥቻለሁ። የምነግራችሁ በጣሊያን ጊዜ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው። ሰው ሲያወራው ሲያጣምመው ኖሯል። አንዳንዱ "ደብተራ አይደል፣ በድግምት ነው" ይላል፤ ሌላው መርዝ አጠጥቶት ነው ይላል። ወይ ጉድ! መርዝም ድግምትም የለበትም። ዘፈን ነው። ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ የአቋቋም ተማሪ ነበርሁ፤ ዕድሜዬ ከሃያ ብዙ አልዘለለም። አገሬ ቁንዝላ ነው። ነገር ግን ጥርሴን ሳልነቅል ለትምህርት ወጥቼ፣ ከደብር ደብር እየዞርሁ፣ ቁራሽ እየለመንሁ ስላደግሁ ያገሬ ሰው እንኳ መልኬን አይለየውም ነበር። ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ባለ ደብር፣ ከየኔታ ሐዲስ እግር ሥር ሆኜ ጸናጽል መጣልና ከበሮ መምታት እማር ነበር። ደበሎ ለብሰን በሣር ጎጆ የምንኖር፣ ውሻ የሚያባርረን፣ ሆዳችን ባዶ ምላሳችን ግን የሰላ ተማሪዎች ነበርን።

ታላቅ ወንድሜ ተገኘ አራሽም ተኳሽም ነበር። አባታችን ቶሎ ስለሞተ አባቴም እሱ ነው። ከጎረቤቱ ከጫኔ ጋር አንድ ላይ አድገው፣ አንድ ላይ ጎሽ አድነው፣ ጦርነቱም ሲመጣ አንድ ላይ ዘመቱ። ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ሲመለሱ ከአንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አድፍጠው ቀይ ጢም ያለው የጣሊያን መኮንን ገደሉ። ተኳሹ ጫኔ ነው፤ ወንድሜ የመኮንኑን በቅሎ ልጓም ነው የያዘ። ይህን ወንድሜ ራሱ ጆሮዬ ሥር ነግሮኛል። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔ ማወቄንም ጫኔ አያውቅም።

ጣሊያን ባሕር ዳርን ሲይዝ ጫኔ ገባ። "አንድ ጥይት አልተኮስሁባችሁም" ብሎ ማለላቸው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል አይደል? አነጠፉለት። ግራዝማች አሉት፣ ባንዳ አስከተሉት፣ እስከ ቁንዝላ ድረስ ያለውን አገር አስረከቡት። የቀረው ሥጋት አንድ ነው፤ ተገኘ።

ወንድሜ ጫካ ነበር። ጫኔ ሽማግሌ ልኮ "ምሕረት አስገኝቼልሃለሁ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ግባ" አለው። የልጅነት ጓደኛው ነውና አመነው፤ ጠመንጃውን ትቶ ገባ። ቁንዝላ ታንኳ ከሚቆምበት ዳር ካለው ሾላ ላይ ሰቀለው። ሳይሰቅለው በፊት አፉን በጨርቅ አስጎሰጎሰው። ሰው ሁሉ ለጭካኔ መሰለው፤ ለምን እንደጎሰጎሰው የገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ቤቱንም አቃጠሉት። የወንድሜ ሚስት እዚያው ውስጥ ቀረች። ትንሽ ልጃቸውን፣ ጥሩዬን፣ ጎረቤት ከእሳቱ ጎትቶ አወጣት፤ አንገቷና ጀርባዋ ተልጦ።

ወሬው ሲደርሰኝ በታንኳ ሄጄ አመጣኋት። ጀርባዋ ስለማይነካ በሆዷ አስተኝቼ፣ ነጠላዬን በሐይቁ ውኃ እየነከርሁ ቁስሏን ሳረጥብላት መጣን። አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እዚያች ታንኳ ላይ ማልሁ። ምን ብዬ እንደማልሁ መቼም ይገባችኋል።

በደብራችን ግቢ ከዋርካው አጠገብ ሰፊ የእህል ቤት ነበር። እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት እሳት የበላቸውን፣ ጥይት የመታቸውን፣ ረኃብ ያሳበጣቸውን ልጆች ከሰባታሚትም ከማዶም እየሰበሰቡ እዚያ ያስታምሙ ነበር። ሐኪም የለ፣ መርፌ የለ፤ ሰው ግን የልጆች ሐኪም ቤት ይለው ነበር። የእማሆይ መድኃኒት ማር ነው። የተቃጠለ ገላ በማር ይቀቡና በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑታል። ጥሩዬንም እንዲሁ ያዟት። ልጆቹ ሲበዙ ግን ማሩም አለቀ፣ ጨርቁም አለቀ።

"ልጄ፣" አሉኝ አንድ ቀን የጥሩዬን ጀርባ ገልጠው እያሳዩኝ፣ "ማር ካልተገኘ ይህ ይመረቅዛል። ከመረቀዘ በኋላ እግዜር ያውቃል፤ አልዋሽህም።"

ጓደኛዬ ልሳነወርቅ የደልጊ ልጅ ነው። ድምፁ ያማረ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሲርበው እንኳ የሚቀልድ ሰው ነበር። እሱ ነው ነገሩን ያመጣው።

"እኛ ከመዝፈን በቀር ምን እናውቃለን?" አለ።

"መዘመር በል እንጂ።"

"ለማር ሲሆን መዝፈን ነው። ፋሲካ አልፏል፣ ሰው ጾም ፈቷል፣ እግሩን በልቶታል። በገበያ ቀን ከዋርካው ሥር እንጨፍር። ሊያየን የሚመጣ ሁሉ ለልጆቹ ማርም ቅቤም ጨርቅም ይዞ ይምጣ። የደበሎ ለባሽ እስክስታ ለማየት አገሩ ባይጎርፍ ከምላሴ ጠጉር ይነቀል!"

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳና ተስማማ። የቀረው የኔታ ናቸው። ተሰብስበን ሄደን ከእግራቸው ሥር ወደቅን።

"ዘፈን?" አሉ የኔታ።

"ለልጆቹ ነው፣ የኔታ" አልናቸው።

መስቀላቸውን አነሡ። ከዚያ "ማኅሌት ለገበያ አይወጣም። ጸናጽል እንዳትነኩ፤ ከበሮም ከቤተ ክርስቲያን እንዳታወጡ። የሰርግ ከበሮ ለምናችሁ እንደ ገበሬ ልጅ ዝፈኑ። ኀጢአት ከሆነ የዘፈኑን ግማሽ እኔ እሸከምላችኋለሁ" አሉን። መስቀላቸውን ተሳልመን እየሮጥን ወጣን።

ያን ጊዜ ግን ያለ ጣሊያን ፈቃድ ሰው ተሰብስቦ ቢገኝ መትረየስ ነው የሚጠብቀው። ፈቃድ የሚሰጥ የባሕር ዳሩ የጣሊያን ካፒቴን ነው፤ ወደ ካፒቴኑ የሚያደርስ ደግሞ ጫኔ ነው። ተማሪው ሁሉ ፈራ። እኔ "እሄዳለሁ" አልሁ። ወንድሜን የሰቀለውን ሰው ፊቱን ለማየት ነው የሄድሁ፤ ሌላ ነገር በልቤ አልነበረም።

ከድንኳኑ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። ወፍሯል። አጠገቡ የካፒቴኑ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ከአሥመራ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጫኔ በስሙ አይጠራውም፤ "አንተ ምላስ" ነው የሚለው። "አንተ ምላስ፣ ውኃ አቀብለኝ" ሲለው ሰውየው ፊቱ ሳይለወጥ አቀበለው።

"የማን ልጅ ነህ?" አለኝ ጫኔ።

"የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ጌታዬ።"

ሳቀ። "እናንተ ተማሪዎች መልስ አታጡም። ለታመሙ ልጆች ነው አላችሁ? ይበጅ። ግን እኔ ባለሁበት፣ ካፒቴኑም ባለበት ይሆናል። ባላገሩ ከኛ ጋር ተስማምቶ ሲጨፍር ይየው። ስሜም በደንብ ይነሣ። የፈረስ ስሜን ታውቃለህ?"

"አባ ሰንጥቅ ነው፣ ጌታዬ።"

"እሰይ! በል አስጨፍረን።"

እጅ ነሥቼ ወጣሁ። የገዛ ልጆቻችንን አቃጥሎ ለቁስላቸው ማር ሲሰበሰብ በክብር ሊቀመጥ ነው እኮ! ጥቂት እንደሄድሁ "ስሜ በደንብ ይነሣ" ያለው ነገር በጆሮዬ ተመለሰ። ቆምሁ። ብልጭ አለልኝ። ክፉው ሰው ቁልፉን በገዛ እጁ ሰጥቶኛል።

ለልሳነወርቅ ከሐይቁ ዳር ወስጄ ነገርሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የተገኘ ወንድም መሆኔን እሱም አያውቅም ነበር፤ ጥሩዬንም እንደ ሌሎቹ ከእሳት የተረፈች ልጅ ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቃት። መጀመሪያ አለቀሰልኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣ።

"ደልጊ ያለው አጎቴ ጠመንጃ አለው። ላምጣልህ!"

"ጠመንጃ አልፈልግም። እኔ ከተኮስሁ ጣሊያን የሚያቃጥለው ማንን ነው? ከዋርካው አጠገብ ያሉት ልጆቹ ናቸው።"

"እና ምን ልታደርግ ነው?"

"ራሳቸው ይግደሉት። የመኮንኑን ነገር ይስሙ።"

"ከማን? ካንተ? አንተ ለማኝ ተማሪ፣ እሱ ግራዝማች! ማን ያምንሃል?"

"ከኔ አይደለም የሚሰሙት፤ ከገዛ አፉ ነው።"

"ምን ሆኖ ይናገራል? አብዷል?"

"አላበደም፤ ገዳይ ነው" አልሁት።

ወዲያው ገባው። እናንተ የዛሬ ሰዎች ላይገባችሁ ይችላልና ልንገራችሁ። በኛ አገር ሰው የጣለውን ጠላት በፉከራ በአደባባይ ይናገራል፤ ግዳዩ ንብረቱ ነው። ርስቱን ብትነጥቀው ዳኛ ፊት ይቆማል። ግዳዩን ለሌላ ሰው ከሰጠህበት ግን፣ ያውም ሴቶች እልል እያሉ፣ ያውም ከበሮ እየተመታ፣ ቁጭ ብሎ ሊሰማ አይችልም። ጫኔ ያን ግዳይ ሳይፎክርበት አፍኖ የያዘው ሰው ነው። ሆዱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደፎከረ ማን ያውቃል! እኔ ያንን ግዳይ በካፒቴኑ ፊት ለተገኘ ልሰጠው ነው።

"ዝም ቢልስ?" አለ ልሳነወርቅ።

"ዝም ካለ ሽፍታ አሞገስህ ብለው እኔን ይሰቅሉኛል። ያን ጊዜ ጥሩዬን አደራ።"



የገበያው ቀን ደረሰ። ሰው ጎረፈ ብል ማጋነን አይደለም። ሐይቅ ዳር የሚኖሩ እስላሞች፣ ዓሣ አስጋሪዎቹና ታንኳ ሠሪዎቹ፣ ከነልጆቻቸው መጡ፤ ዓሣ ያመጣም ነበር፣ ለልጆቹ ይጠበስ ብሎ። ገበሬው በቅል ማር፣ በቆሬ ቅቤ ይዞ መጣ። አንዲት እናት የለበሰችውን አዲስ ነጠላ አውልቃ ከእማሆይ እግር ሥር አስቀመጠችና በቀሚሷ ብቻ ቆመች። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የተሻላቸው ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጥሩዬ ከውስጥ በሆዷ ተኝታለች፤ ድምፃችን ግን ይሰማታል።

ጭፈራውስ? አይ የተማሪ ጭፈራ! ዓመት ሙሉ ለዝማሜ ቀስ እያልን ስንወዛወዝ የኖርን ሰዎች ትከሻችን ከየት ይምጣ? አንዱ እስክስታ ሲወርድ ቅዳሴ የሚያስታጉል ይመስላል። ልሳነወርቅ ደበሎውን አዙሮ ለብሶ አንዲት ኮረዳ ፊት ሲንቀጠቀጥ "ብርድ ይዞህ ነው?" አለችው፤ ገበያው በሳቅ ተናወጠ። በበሽታ የከሳ ልጅ ሁሉ በሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። ያን ሳቅ ስሰማ ለአንዳፍታ ያሰብሁትን ልተወው ቃጣኝ። እውነቴን ነው። "ማሩ ተገኝቷል፣ ምን ቀረህ?" አልሁ በሆዴ።

በዚያው ቅጽበት ጫኔ መጣ። ካፒቴኑን አስቀድሞ፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ፣ ባንዳውን ከበስተኋላ አሰልፎ። በሐኪም ቤቱ በር ሲያልፍ ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ልጅ የለበሰውን ወደ ራሱ ጎትቶ ተሸፈነ። የሚያውቀው ነበር። የመተው ሐሳቤ እዚያው ሞተ።

ወንበር ተሰጣቸው። ለጫኔ ጠጅ ቀረበ፤ አንዱን ብርሌ በሌላው ላይ ደረበ። ካፒቴኑ ሲጋራውን እያጨሰ ፈገግ ይላል። እኔ ከበሮውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ መካከል ወጣሁና የሽለላ ምት ጀመርሁ።

"አባ ሰንጥቅ ጫኔ ምነው ዝም አለሳ፣
ጣይ ነው ይሉት ነበር እንደ ደቦል አንበሳ።"

ጫኔ ፊቱ በራ። "ይበል!" አሉ ባንዳዎቹ። ሴቶቹ ለወጉ እልል አሉ። ደገምሁለት፤ ምቱን አፋጠንሁት። ተነሣ። ካባውን ወደ ኋላ ጥሎ ዱላውን ከፍ አድርጎ ወደ መካከል ገባ።

"ዘራፍ! ዘራፍ አባ ሰንጥቅ! የጎሽ ገዳይ! የከርከሮ ገዳይ!" ሴቶቹ እልል አሉለት። "የወንበዴ ገዳይ! የሽፍታ ገዳይ!" አለ ቀጥሎ።

እዚህ ላይ እልልታው ጠፋ። እልል የምትል አንዲት ሴት አልተገኘችም። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ሽፍታ ያልተባለ ወንድም ያላጣ ማን አለ? ጫኔ ዞሮ አየ። ዝምታው እንደከነከነው ፊቱ ላይ ይነበባል። አሁን ነው አልሁ። ከበሮውን በኃይል መታሁና ድምፄን ለቀቅሁት።

"የወንዝ ዳሩን ነጭ ከበቅሎ የጣለ፣
ተገኘ ነው እንጂ ሌላ ወንድ የታለ።"

ሰው ደነገጠ። ልሳነወርቅ ዓይኑን ጨፈነ። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ፤ ካፒቴኑ ወደሱ ዘንበል ብሎ ምን አለ ሲለው ትከሻውን ነቅነቅ ብቻ አደረገ። እኔ ደገምሁት። ከወደ ኋላ፣ የማላውቃት አንዲት ሴት፣ ሰማይ የሚቀድ እልልታ ለቀቀች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም። ለወንድሜ ነው እልልታው! ከሾላ ላይ አፉ ተጎስጉሶ ለሞተው ወንድሜ! እንባዬ በከበሮው ላይ ይንጠባጠባል፣ እጄ ግን አልቆመም።

ጫኔ አጠገቤ ደርሶ ዱላውን ደረቴ ላይ ተከለው።

"ምን አልህ አንተ?"

"ግጥም ነው፣ ጌታዬ። ሰው ሲል የሰማሁትን ነው።"

"ምን ሲል?"

"ነጩን የጣለው ተገኘ ነው፤ ጫኔማ በቅሎ ያዥ ነበር ይላሉ፣ ጌታዬ።"

አንድ ባንዳ፣ የገዛ ሰዉ፣ ሳያስበው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ጨረሰው።

"እኔ? እኔ ነኝ በቅሎ ያዥ?" ዓይኑ ደም ለበሰ። ዱላውን እንደ ጠመንጃ ጨበጠ። "ዘራፍ! ዘራፍ አባ ሰንጥቅ! የቀይ ጢሙ ገዳይ! በቅሎዋን የያዘ ተገኘ ነው፤ የተኮስሁ እኔ! እኔ ጫኔ!"

በጉልበቱ ተንበረከከ፣ በዱላው አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ከዚያ ብድግ ብሎ የመኮንኑን አወዳደቅ ወደቀ፤ ደረቱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ይህን ወንድሜ አልነገረኝም ነበር፤ ጫኔ ድምፁን አቅጥኖ፣ የሰውየውን ጣር እያስመሰለ፣ "ማማ! ማማ!" ብሎ ጮኸ።

ካፒቴኑ ተነሣ። ለዚህች ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከበሮውን አቆምሁ። ጫኔ ከመሬት ላይ ቀና ሲል የካፒቴኑን ፊት አየ፤ ስካሩ ባንዴ ጥሎት ሲሄድ አየሁት። ካፒቴኑ ዓይኑን ከሱ ሳያነሣ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ጫኔ እንደተንበረከከ ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

"ወንድሜ፣" አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ አለው። "ዘፈን ነው በለው። እንዲያው ጨዋታ ነው በለው።"

አስተርጓሚው አንዴ ጫኔን አየ፣ አንዴ በሩ ላይ የተደረደሩትን ልጆች አየ። ከዚያ ተናገረ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳያስቀር ነው የተናገረ። በመሐል እጁን እንደ ጠመንጃ ወደ ፊት ሲዘረጋ አየሁ።

የራሱ ባንዳዎች ናቸው ያሰሩት። ክንዱን የኋሊት ሲያስሩት አፍጥጦ አየኝ።

"አንተ ማነህ?"

"የተገኘ ወንድም ነኝ።"

ይለምነኛል፣ ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እቴ! "ተገኘ በቅሎዋን ነው የያዘ" አለኝ። "ታውቃለህ አይደል? በቅሎዋን ነው የያዘ።"

"አውቃለሁ" አልሁት። "እሱ ራሱ ነግሮኛል።"

ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ፊት አልረሳውም፤ ልረሳውም አልፈልግም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እሱ ረስቶ ነበር፣ እኔ አስታወስሁት።

ካፒቴኑ ወደኔም ጠቆመ። አስተርጓሚው አጭር ነገር መለሰለት፤ ወታደሮቹም አልፈውኝ ሄዱ። ምን ብሎ እንዳዳነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ባለበት እግዜር ይስጠው።

በማግሥቱ ጧት ሕዝቡን በግድ ሰብስበው ሰቀሉት። እኔን ማንም አላስገደደኝም፤ ከፊት ነው የቆምሁ። የወንድሜን አፍ አስጎስጉሶ ነበር፤ የሱን አፍ ማንም አልጎሰጎሰውም። ገመዱ ከአንገቱ ሲገባ "የፈረንጅ ገዳይ! አባ ሰንጥቅ!" ብሎ ፎከረ። ታምኑኛላችሁ? አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ "ይበል" አለ። እንደ ጀግና ሊሞት? በሽፍታ ስም አገር አቃጥሎ፣ በመጨረሻ አርበኛ ሆኖ ሊሞት?

"ጫኔ!" ብዬ ጮኽሁ። "በሚካኤል የያዝኸውስ?"

ወደኔ ዞረ። አፉን ከፈተ፣ የሚለው ግን አጣ። እንዲሁ እንደከፈተ ሄደ። ለኔ ከገመዱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ካሣዬ።

ከዚያ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድሁ። እማሆይ የጥሩዬን ጀርባ በአዲሱ ማር ቀብተው፣ ያችኛዋ እናት ባወለቀችው ነጠላ ሸፍነዋታል። ከጎኗ ተቀመጥሁ።

"ጥሩዬ፣ ቤታችሁን ያቃጠለው ሰውዬ ሞተ" አልኋት።

ከእሳቱ ወዲህ አንድ ቃል ያልተናገረች ልጅ አንገቷ እያመማት ወደኔ ዞረች።

"እንግዲያ አባዬ ዛሬ ይመጣል?" አለችኝ።

የቅኔ አገር ልጅ ነኝ፣ መልስ አላጣም እል ነበር። አጣሁ። ተነሥቼ ወጣሁና ከዋርካው ሥር እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

የኔታ እዚያው አገኙኝ። ቆመው አዩኝ እንጂ አላጽናኑኝም። "የዘፈኑን ኀጢአት እሸከማለሁ ብዬህ ነበር" አሉኝ። "የደሙን አልሸከምም።"

"አልሰጠሁዎትም፣ የኔታ። የኔ ነው።"

"እንግዲያስ ከቅኔ ማኅሌት አትቆምም። እስክትጸጸት ድረስ።" ይወዱኝ ነበር። ሊያስተምሩኝ የቀራቸው ጥቂት ነበር፣ መሪጌታ ሊያደርጉኝ ተስፋ አድርገው ነበር። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ማሩ ልጆቹን አዳነ። ሁሉንም አይደለም፤ ጥሩዬን ግን አዳነ። ቁንዝላ ወስጄ ታንኳ እየቀዘፍሁ እህል እያመላለስሁ አሳደግኋት። አገባች፣ ወለደች፣ ዛሬ አያት ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በነጠላዋ አትሸፍነውም። መሪጌታ አልሆንሁም። ያ ቀን የወሰደብኝ ይህን ነው፤ የሰጠኝንም አልክድም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተገኘ በሕልሜ ሲመጣ አፉ ተጎስጉሶ አይደለም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይቅር በሉ የሚላችሁን ሰው ስሙት፤ እኔም ትንሽ ትንሹን ይቅር ስል ነው የኖርሁ። ነገር ግን ይቅርታ ያልጠየቀን፣ እስከ ገመዱ ድረስ የሚፎክርን ሰው እንዴት ይቅር እንደሚሉት ያስተማረኝ የለም። የሚያውቅ ካለ ያስተምረኝ፤ አርጅቻለሁ፣ ጊዜዬ አጭር ነው። ጥሩዬ ላቀረበችልኝ ጥያቄም መልስ ያለው ካለ ይምጣ፤ በቀል ያን መልስ እንደሌለው አውቃለሁ። እንደሌለው እያወቅሁም ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ፋሲካ የንስሐ አባቴ መጡ። የልጅ ልጄ የሚሆኑ ወጣት ቄስ ናቸው፤ ሳልቆርብ እንዳልሞት ይጨነቁልኛል።

"አባባ፣" አሉኝ፣ "ለአንድ አፍታ ብቻ ተጸጽቻለሁ ይበሉኝ። እኔ እፈታዎታለሁ፣ ከሕዝቡ ጋር ገብተው ይቆርባሉ።"

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን ቄስ ፊት ነው።

"አባ፣" አልኋቸው፣ "ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ እጄ ይንቀጠቀጣልና እንደዚያ አላሳምረውም ይሆናል እንጂ፣ ከበሮውን እመታዋለሁ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እንግዲያስ ከውጭ ይቁሙ" አሉኝ።

ቆሜያለሁ።